የልጁን ድርሻ አስቀድሞ ማውጣት፦ ገቢያቸው ወሩን ለማያደርሳቸው የወሎ ከተማ ቤቶች

ይህ መመሪያ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ፣ በሐይቅ፣ በከሚሴ ወይም በሌላ የወሎ ከተማ ለሚኖሩ፣ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ላላቸው ወላጆች የተጻፈ ነው። ልጃችሁ አሁን ታሞ ከሆነ፣ ከከሳ ወይም እግሩ ካበጠ ሌላውን ሁሉ ተዉትና በቀጥታ ወደ መጨረሻው ክፍል እለፉ።

ወሎ ሲባል ለብዙ ሰው ዛሬም ቀድሞ የሚታወሰው የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ ነው። ያንን ዓለም አይቶታል። በኪራይ ቤት ውስጥ ያለውን የዛሬውን ችግር ግን ጎረቤት እንኳ አያየውም። ልጁ ማታ እንጀራ በወጥ ቀምሶ ይተኛል፤ ጠዋት ተነሥቶ ይጫወታል። ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን ቁመቱ ከእኩዮቹ አንሶ ይገኛል፤ ጉንፋኑና ተቅማጡም አይለቀውም። መቀንጨር የሚባለው ይህ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት፣ በአማራ ክልል ደግሞ 41 በመቶ የሚሆኑት ቀንጭረው ተገኝተዋል። ከተማ ከገጠር ይሻላል ይባላል። እውነት ነው፤ የተሻለው ቁጥር ግን ከአራት የከተማ ልጆች አንዱ ያህል ነው።

ድህነቱን የሚያቃልል ምክር የለኝም። ልቤ ያመነበት አንድ ነገር ግን አለ፤ ለሁለት ዓመት ልጅ የሚበቃው ምግብ በጣም ትንሽ ነው። ትንሽ በመሆኑም በተራ ይቀደማል። ገንዘብ ሲገባ ኪራዩ፣ ከሰሉ፣ ጤፉ፣ እቁቡ፣ የሱቅ ዱቤው ይቀድሙና የሕፃኑ ጉዳይ ከተረፈው ይታያል፤ አይተርፍም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ይህን ተራ ለመገልበጥ ነው።

1. መጠኑን እወቁ

እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ነው፤ ውሃም፣ የአብሽ ውሃም፣ ቅቤ ማላስም የለም። ከስድስት ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ምግብ ይጨመራል። ጡት የሚጠባ ልጅ ከምግብ የሚያስፈልገው ኃይል በቀን ከ6 እስከ 8 ወር 200 ኪሎ ካሎሪ፣ ከ9 እስከ 11 ወር 300፣ ከ12 እስከ 23 ወር 550 ያህል ነው።

ወደ ማጀት ሲወርድ እንዲህ ይሆናል። ዓመት ያለፈው ልጅ በቀን 100 ግራም የገንፎ ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ዘይትና አንድ እንቁላል ካገኘ 500 ኪሎ ካሎሪ አልፏል፤ ቀሪውን ጥቂት አትክልትና ፍራፍሬ ይሞላዋል። 100 ግራም ዱቄት አንድ የውሃ ብርጭቆ አይሞላም። በወር ሲደመር ሦስት ኪሎ ነው። ሦስት ኪሎ! ለስድስት ወሩ ልጅ የዚህ ግማሽ ይበቃል። ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ይህን ሒሳብ ቢያዩት ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ አባቶች «የልጅ ምግብ» ሲባል በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለው የውጭ አገር ጣሳ እየታያቸው ከጅምሩ ተስፋ ይቆርጣሉ።

2. ገንዘቡ እጅ በገባበት ቀን ግዙ

ደመወዝተኛ ከሆናችሁ ደመወዝ በወጣበት ቀን፣ የቀን ሠራተኛ ከሆናችሁ ከሳምንቱ የመጀመሪያ ክፍያ ላይ የልጁን ግዙ። ገንዘቡን «ለልጁ» ብሎ ማስቀመጥ አይሠራም፤ ጥሬ ገንዘብ ቤት ውስጥ አይከርምም። እህል ሆኖ ክዳን ባለው ዕቃ ከተቀመጠ ግን ይከርማል። ለአንድ ወር የሚያስፈልገው ሁለት ኪሎ ከሩብ እህል፣ ሦስት ሩብ ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። እንቁላልና አትክልት በየሳምንቱ ይገዛሉ።

የት ይገዛል? ጉሊት ላይ በጣሳና በብርጭቆ እየተሰፈረ የሚሸጠው ምቹ ነው፤ ግን በኪሎ ሲታሰብ ውዱ እሱ ነው። ደሴ ያላችሁ ሰኞ ገበያን፣ ባቲ ያላችሁ የሰኞውን ትልቅ ገበያ፣ ሌላ ከተማ ያላችሁም የከተማችሁን የገበያ ቀን ጠብቁ። እህሉን ጠዋት፣ አትክልቱን ወደ ማታ ግዙ፤ ርቆ የሚገባ ሻጭ ጎመንና ዱባ ተሸክሞ መመለስ አይፈልግም። የእሑድ ገበያና የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ባለበት ዘይቱን ከዚያ ጠይቁ። ሦስት አራት ጎረቤት ሆኖ አንድ ኩንታል መካፈል ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ አንድ ላይ ቡና የሚጠጡ ሴቶች ይህን ለማድረግ የሌላ ሰው ፈቃድ አያስፈልጋቸውም።

ወቅቱንም ልብ በሉ። የመኸር እህል ገበያ የሚሞላው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፤ ከሰኔ በኋላ እስከ ነሐሴ ዋጋው ይወጣል። የወሎ ደጋ በልግ ስለሚያመርት፣ በልጉ በሠመረበት ዓመት ሐምሌ ላይ የገብስ ዋጋ መለስ ሊል ይችላል። እቁብ የምትገቡ ከሆነ ዕጣችሁ ጥር አካባቢ እንዲሆን ዳኛውን ለምኑ፤ ልጅ ላለው ቤት እቁበኛው አይጨክንም።

አንድ ነገር ላንሣ፤ ብስኩት፣ ቺፕስና የፕላስቲክ ጭማቂ። ልጅ ሲያለቅስ ሱቅ መላክ የከተማ ልማድ ሆኗል። የአንድ ሳምንቱን ወጪ ደምሩትና በእንቁላል ዋጋ አካፍሉት። ከዚያ በኋላ ራሳችሁ ፍረዱ።

3. ዱቄቱን አዘጋጁ

ደንቡ ቀላል ነው፤ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። እህሉ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ ሊሆን ይችላል። ጥራጥሬው ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ምስር ወይም ከቃሉ ቆላ የሚመጣው ማሾ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሳምንት ገበያ ላይ የረከሰውን ውሰዱ። ስምንትና አሥር ዓይነት እህል ያልተቀላቀለበት ዱቄት ልጅ አያሳድግም የሚባለውን አትስሙ። ከሁለት እህልና ከአንድ ጥራጥሬ በላይ ያለው ለወፍጮ ቤቱ እንጂ ለልጁ እምብዛም የሚጨምረው የለም።

በመጀመሪያ እህሉን በሰፌድ አበጥሩ። የሻገተ፣ የጠቆረ፣ የተነቀዘ ፍሬ ይጣል፤ በተለይ የሻገተ በቆሎና ለውዝ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ስለሚይዝ ቆልቶ መብላትም አያድነውም። ጥራጥሬውን አጥባችሁ አንድ ሌሊት በውሃ ዘፍዝፉት፤ ጠዋት ውሃውን ድፉት። ዝፍዝፉ ውስጡ ያለውን፣ ብረትና ዚንክ አሥሮ ከሰውነት የሚከለክለውን ነገር ይቀንሰዋል፤ ሆድ መንፋቱንም ያበርዳል። ከዚያ በፀሐይ አድርቁት፣ ለስለስ ባለ እሳት ቆሉት፣ ከክታችሁ ገለባውን አራግፉ። እህሉም ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሽታው እስኪወጣ ብቻ ይቆላል። ማሳረር ጣዕሙንም ጥቅሙንም ይወስደዋል።

ወፍጮ ቤት ስትደርሱ በርበሬ የተፈጨበት ድንጋይ ላይ እንዳይሆን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው እፍኝ ዱቄት ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ትርፍራፊ ስለሆነ ለብቻ ያዙት፤ ለቤተሰቡ ቂጣ ይሆናል። ሦስት ኪሎ ብቻ ይዞ ለሚመጣ ወፍጮ ማስነሣት የማይፈልግ ባለ ወፍጮም አለ። ያኔ ከጎረቤት ጋር አንድ ዓይነት ቅልቅል አዘጋጅታችሁ አብራችሁ አስፈጩ።

ዱቄቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ይቀመጥ፤ በደህና ወቅት ወር ይቆያል። በክረምት የደሴ ጉም ግድግዳ ሳይቀር ያርሳልና ለሁለት ሳምንት የሚሆነውን ብቻ አስፈጩ። ለውዝ ካገኛችሁ ለብቻው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በሳምንት ውስጥ ይለቅ። ዘይት ስላለው ቶሎ ይኮመጥጣል።

4. ገንፎውን አወፍሩት

ብዙ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ዱቄቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ በአጥሚት መልክ ይቀጥንና በጡጦ ይሰጣል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ በውሃ ከተሞላ ለምግብ ቦታ የለውም። ልኩን በማንኪያ ታውቁታላችሁ። ገንፎውን በማንኪያ ወስዳችሁ ስታዘነብሉት የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል፤ ማንኪያው ላይ ቆይቶ በዝግታ የሚወርድ ከሆነ ደርሷል።

ለአንድ ጊዜ ዓመት ላለፈው ልጅ ሦስት ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። የፈላ ውሃ ላይ እየጨመራችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ይብሰል። እንቁላል ያለ ቀን መትታችሁ በሚፈላው ገንፎ ውስጥ ጨምሩና ነጩም አስኳሉም እስኪረጋ አማስሉ። ከእሳት ሲወርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ይግባበት፤ ይህች ማንኪያ ብቻዋን 40 ኪሎ ካሎሪ ትጨምራለች። ወተት ካለ አፍልታችሁ በውሃው ፋንታ ተጠቀሙ። ስኳር አያስፈልግም። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም። ለቤቱ የምትገዙት ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ ለልጁ ግን ቁንጥር እንኳ ይበዛል።

ጀማሪው የስድስት ወር ልጅ ወፍራሙን መዋጥ ቢያቅተው ውሃ ከመጨመር ይልቅ ብቅል ተጠቀሙ። ሁለት እፍኝ ገብስ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉ፣ አጥልሉ፣ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት፤ ጠዋትና ማታ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። ቡቃያው የፍሬውን ቁመት ሲያህል በፀሐይ አድርቁት፣ በእጅ አሽታችሁ ቡቃያውን አራግፉ፣ ለብቻው አስፈጩት። አይቆላም፤ ከተቆላ ኃይሉ ይሞታል። የማሽላ ብቅል ለዚህ ሥራ አይሁን፤ የማሽላ ቡቃያ መርዝነት አለው።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። የበሰለው ወፍራም ገንፎ ከእሳት ወርዶ ሞቅ ብሎ የማያቃጥልበት ልክ ሲደርስ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉ። ዓይናችሁ እያየ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይላላል፤ ማንኪያውን ሲገትር የነበረው ገንፎ መፍሰስ ይጀምራል። አንድ ጠብታ ውሃ ግን አልገባበትም፤ በውስጡ ያለው ዱቄት ያው ነው። ከዚያ መልሳችሁ አንድ ጊዜ አፍሉትና ቀዝቀዝ ሲል ስጡት። ብቅል ሲባል ጠላ ብቻ የሚታያቸው ሙስሊም እናቶች አሉ። ብቅል የበቀለ ገብስ ነው፤ አልተጠነሰሰም፤ ስካርም የለበትም።

5. ከገንፎው ቀጥሎ ያለው

በቀን ከስምንት የምግብ ዓይነቶች ቢያንስ አምስቱ ለልጁ ይድረሱ። ስምንቱ እነዚህ ናቸው፦ የእናት ጡት ወተት፤ እህልና ሥራ ሥር፤ ጥራጥሬና ለውዝ፤ የላም ወይም የፍየል ወተት፤ ሥጋና ዓሣ፤ እንቁላል፤ ዱባን፣ ካሮትን፣ ጎመንንና ማንጎን የመሰለ በቫይታሚን ኤ የበለጸገ አትክልትና ፍራፍሬ፤ ሌላ አትክልትና ፍራፍሬ። ዝርዝሩ ሀብታም ቤት የሚፈልግ ይመስላል። ቁጠሩት እስቲ፤ ጡት አንድ፣ በገንፎው ውስጥ ያለው እህል ሁለት፣ ጥራጥሬው ሦስት፣ የተፈጨ ዱባ አራት፣ እንቁላል አምስት። ሞላ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት በዓይነቱም በድግግሞሹም ዝቅተኛውን መመዘኛ የሚያሟላ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ዱባ ሳይቆረጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ የድሃ ቤት ወዳጅ ነው። ጎመን በግቢ ውስጥ በአፈር በተሞላ ጆንያ ይበቅላል፤ ጎኑን እየበሳችሁ ችግኝ ትተክላላችሁ፣ እህል የታጠበበትን ውሃ ታጠጡታላችሁ። ሁለት ዶሮ ማኖር የሚፈቅድ አከራይ ካጋጠማችሁ እድለኞች ናችሁ። ከሐይቅ የሚመጣውን ዓሣ አጥንቱን ለቅማችሁ ከገንፎው ጋር ደባልቁት። በበዓል ቀን ለልጁ ከጉበቱ ትንሽ ይቆረጥለት፤ ጉበት ላይ ያለው ብረት ከቀይ ሥጋው ይበልጣል። በክረምት በየመንገዱ የሚሸጠው በለስ ተልጦና ተጨፍልቆ ይሰጣል።

ከቤተሰቡ ድስት ስትሰጡት በርበሬው ከመግባቱ በፊት ድርሻውን አውጡለት። መረቁን ብቻ በእንጀራ አርሶ ማጉረስ ምግብ እንደ መስጠት አይቆጠርም፤ ምስሩ፣ ክኩ፣ ድንቹ ራሱ ተፈጭቶ ይግባ። ድፍን ቆሎና ለውዝ ያንቃሉ፤ ለትንሽ ልጅ አይሰጡ። ቡና ሲፈላ ለልጁ ሻይ በስኳር መቅዳት ደግሞ የወሎ እናቶች ሁሉ ድክመት ነው። አቦሉም ቶናውም በረካውም ለትልልቆቹ ይሁን፤ ሻይ ከጥራጥሬው የሚገኘውን ብረት ሰውነቱ እንዳይወስድ ያደርጋል።

ከ6 እስከ 8 ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ይብላ፤ በመሀሉ አንድ ሁለት ጊዜ መክሰስ ይጨመርለት። የራሱ ሳህን ይኑረው። ከትልልቆቹ ጋር ከአንድ ትሪ የሚበላ ትንሽ ልጅ ምን ያህል እንደበላ ማንም አያውቅም።

6. በጾምና በረመዳን

በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ብዙ ክርስቲያን ቤት የሕፃኑ እንቁላልና ወተት አብሮ ይቆማል። ሕፃኑ እንዲጾም የፈለገ የለም። እናትየዋ የቤቱ ድስትና ማንኪያ የፍስክ ነገር እንዳይነካው ትሰጋለች፤ ሁለት ጊዜ ማብሰልም ከሰል ይፈጃል። መፍትሔው አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያና አንድ ሳህን ለልጁ ብቻ መለየት ነው። ልጅ ሰባት ዓመት ሳይሞላው የጾም ግዴታ የለበትም፤ ጥርጣሬ ካላችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። እርጉዝና የምታጠባ እናትም ስለ ራሷ ትጠይቅ። እስልምናም ለእርጉዝና ለምታጠባ እናት ጾሙን እንድታሳልፍ ፈቅዷል። እርጉዝ ከዘወትሩ አንድ ተጨማሪ ገበታ፣ የምታጠባ ሁለት ተጨማሪ ገበታ ያስፈልጋታል። አማት ያለችበት ቤት ይህን ክፍል አማት ብታነበው ጥሩ ነው።

7. እናት ሥራ ስትውል

የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞችን የማያውቅ የለም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ነው። ፈቃዱ ሲያልቅ ሕፃኑ ስድስት ወር አልሞላውም፤ ጡጦና የዱቄት ወተት ወደ ቤት የሚገቡት በዚህ ክፍተት ነው። የዱቄት ወተቱ ሲወደድ በውሃ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ወተት ጠጥቶ ከሚያድር ልጅ የታለበ የእናቱን ጡት ጠጥቶ የሚውል ይሻላል። ጠዋት ከመውጣት በፊት እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ በፈላ ውሃ በታጠበ ክዳን ባለው ኩባያ ማለብ ይቻላል። ቀዝቃዛ ጥላ ውስጥ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ከዚያ በላይ አታቆዩት። በጡጦ ሳይሆን በኩባያ ይጠጣ፤ ጡጦ በደንብ አይታጠብም።

ስድስት ወር ላለፈው ልጅ ዱቄቱን ለክታችሁ በየኩባያው ለያይታችሁ ለጠባቂዋ ስጧት። የበሰለ ገንፎ ከጠዋት እስከ ማታ አይቀመጥ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውን ትልቅ ሰው ይብላው። ልጁን የምትይዘው ጎረቤት የራሷ ልጆች ካሏትና ኑሮዋ ከጠበበ፣ ዱቄቱን ለእነሱም ጭምር አስባችሁ ላኩ። ይህን ሳይነጋገሩ መተው ልጁንም ጎረቤታሞቹንም ይጎዳል።

8. ውሃና ተቅማጥ

ቧንቧ በተራ በሚመጣበት ሰፈር በጀሪካን የተጠራቀመ ውሃ ለልጅ ሳይፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ ሳይታከም አይሰጥ። ተቅማጥ ከያዘው ለምለም የሚባለውን የኦአርኤስ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ በየጊዜው አጠጡት፤ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 ቀን ጨርሱ። ምግቡና ጡቱ አይቋረጡ። ካገገመ በኋላ ለሁለት ሳምንት አንድ ተጨማሪ ገበታ ይግባለት፤ ያጣውን የሚመልሰው ያኔ ነው።

9. ሒሳቡ ፈጽሞ አልሞላ ሲል

ሦስቱን ኪሎ መግዛት የማይችል ቤት አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ካለፈ ወዲህ ሱቁን ያጣ፣ ዘመድ አስጠግቶ የሚኖር፣ ሥራው የቆመ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ቤት በመጀመሪያ ቀበሌ ይሂድ። ድሃ የከተማ ቤቶችን የሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም፣ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች። ምልመላው የሚካሄደው በመንደር ኮሚቴ ነው፤ ስማችሁ ካልተካተተ ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ መኖሩን ጠይቁና በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂውን ያዙ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት ተረጂዎች በሚሠሩት የአካባቢ ልማት ሥራ ላይ ምን እፎይታ እንዳላት እዚያው አስጽፉ። ተከራዮች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት መታወቂያቸው የሌላ ቀበሌ ሆኖ ስለሚገኝ ነው፤ ቤት በቀየራችሁ ቁጥር መሸኛ አውጡ።

ከዚያ ቅሬያችሁ፣ ማለት እድራችሁ፣ አለ። ቅሬ ለሞት ብቻ የተቋቋመ አድርጎ የሚያይ አለ፤ ሣጥኑ ውስጥ ገንዘብ ሲኖር ግን ለአንድ ልጅ የወር እህል የሚያበድር ቅሬ ደንቡን አልጣሰም። በስብሰባ ቀን ራሳችሁ መናገር ካፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትናገርላችሁ፤ ቤት ለቤት መዞር ሥራዋ ነው፣ ማን ቤት ምን እንዳለም ታውቃለች።

10. ክንዱን አስለኩ፤ እግሩን ተጫኑ

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የግራ ክንዱ ዙሪያ በቀለም በተከፋፈለ መለኪያ ይለካል። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ አረንጓዴ ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ፤ ከ11.5 በታች ቀይ። በወር አንድ ጊዜ በጤና ጣቢያ ወይም በኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አስለኩት፤ በዚያው ክብደቱ በካርዱ ላይ ይመዝገብ፣ በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤም ይውሰድ። ክብደቱ ሁለት ወር ተከታትሎ ካልጨመረ ክንዱ አረንጓዴ ቢሆንም ምክንያቱን ጠይቁ።

የሁለቱንም እግሮቹን ጀርባ በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ተጫኑና ልቀቁ። በሁለቱም ላይ ጉድጓድ ከቀረ እብጠት ነው። የፊቱ መሙላት አያታልላችሁ፤ ያበጠ ልጅ ወፍሮ ሊመስል ይችላል፣ ግን ክንዱ ምንም ያህል ቢለካ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። የክንዱ መለኪያ ቀይ የሆነም እንዲሁ። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም ፈዞ አልነቃ ያለ ልጅ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት።

ቀይ ሆኖ የምግብ ፍላጎቱ ያለ ልጅ ተኝቶ ሳይታከም በየሳምንቱ እየተመላለሰ ፕላምፒነት የሚባለውን፣ ለከሳ ልጅ በከረጢት የሚሰጠውን የለውዝ ለጥፍ ይወስዳል። የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው፤ የሚከፈል ነው የሚል ካጋጠማችሁ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ተናገሩ። መድኃኒት እንጂ የቤተሰብ ምግብ ስላልሆነ ለወንድም ለእህት አይከፋፈልም። ሌሎቹ ልጆች እያዩ መስጠት ከከበዳችሁ ለእነሱ በዚያው ሰዓት ቆሎ ወይም ንፍሮ አቅርቡላቸው። በመጀመሪያ ጡት፣ ከዚያ ፕላምፒነት፣ የቤቱ ገንፎ ከዚያ በኋላ። በጎኑ የፈላ ንጹሕ ውሃ ይጠጣ። ባዶውን ከረጢት አትጣሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስትመለሱ ቆጥረው ይቀበሏችኋል።